ካራቫንና አውቶማቲክ መኪና፦ የአንድ ረጅም ክርክር ዳሰሳ

በእንግሊዝ፣ በሆላንድ፣ በጀርመንና በአውስትራሊያ ካራቫን የሚሉትን ባለ ጎማ ቤት ከመኪናቸው ኋላ አስረው ዕረፍታቸውን በየባሕር ዳርቻውና በየጫካው የሚያሳልፉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች መኪና ሊለውጡ ሲነሡ የሚጠይቁት አንድ የቆየ ጥያቄ አለ፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ተሳቢ ለመጎተት የሚሻለው ማንዋል ነው ወይስ አውቶማቲክ? የቀደመው ትውልድ መልስ አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር። አውቶማቲክ ካምቢዮ ይሞቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን አይይዝም፣ ሲበላሽም ኪስ ያራቁታል፤ ስለዚህ ጭነት የሚጎትት ሰው ማርሹን በገዛ እጁ ያስገባ ይል ነበር። ይህ ምክር በዘመኑ መሠረት ነበረው። ዛሬ ያለው ማስረጃ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ለመጎተት ታስቦ የተሠራና ዘይቱ በሚገባ የሚቀዘቅዝ አውቶማቲክ ከማንዋል የተሻለ ጎታች ነው። ይሁንና አውቶማቲክ ተብለው የሚሸጡት መኪኖች በውስጣቸው የያዙት መሣሪያ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ በቀላሉ የሚሸከመው ጭነት ሌላውን ያቃጥለዋል። በመሆኑም ገዢው ሊመረምር የሚገባው ሁለት ነገር ነው፦ የካምቢዮው ሙቀት በምን መንገድ እንደሚወጣና ፋብሪካው ለዚያች መኪና የጻፈው የመጎተት ክብደት ስንት እንደሆነ። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ይኸው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ካምቢዮ ከሁሉ በላይ የሚፈተንበትን ቅጽበት ማየት ያስፈልጋል። ተሳቢ ያሰረ መኪና በሜዳ መንገድ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ ማንዋሉም አውቶማቲኩም እምብዛም አይቸገሩም። ጭንቁ የሚመጣው ዳገት ላይ ከቆሙበት ሲነሡ፣ ይልቁንም ካራቫኑን ወደ ኋላ ሽቅብ ሲገፉት ነው። በማንዋል መኪና ሞተሩ እየዞረ ጎማው ገና ሳይዞር በመካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይጋጋላል፤ ደረቅ ስለሆነም ሙቀቱን ቶሎ የሚወስድለት ነገር የለም። የብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ደግሞ በሰው እርምጃ ልክ ለመሄድ ፈጣን ነው። ስለዚህ ካራቫኑን በጠባብ ሥፍራ ቀስ አድርጎ ለማስገባት የሚሞክር አሽከርካሪ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ መቆየት ግድ ይሆንበታል፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን የሚሸተውም ያኔ ነው። ደንብ አውጪዎችም የሚፈትኑት ይህንኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የአንድን መኪና የመጎተት ክብደት ሲወስን፣ መኪናው ከነሙሉ ተሳቢው በ12 በመቶ ዳገት፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 12 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ከቆመበት መነሣት እንዲችል ይጠይቃል። ፋብሪካው የሚጽፈው ቁጥር እንግዲህ በአብዛኛው የመነሣት ችሎታ መለኪያ ነው ማለት ነው።

በነባሩ አውቶማቲክ ውስጥ የፍሪሲዮኑን ቦታ የያዘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ሐሳቡ የመጣው ከመርከብ ሥራ ነው፤ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 በስቴቲን በሚገኝ የመርከብ ፋብሪካ ሲሠራ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። አሠራሩን ሁለት ማራገቢያ ፊት ለፊት አቁሞ አንዱን በማብራት መገመት ይቻላል፤ የሚሠራው በሚልከው ነፋስ የጠፋውም መዞር ይጀምራል። በኮንቨርተሩ ውስጥ የነፋሱን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው፤ በመካከል ያለው ሦስተኛ ክፍል ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ እያስተካከለ ቶርክ የሚባለውን የመጠምዘዝ ኃይል ያበዛዋል። መኪናው ከቆመበት በሚነሣበት ጊዜ ይህ ኃይል ሁለት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ለካራቫን ጎታች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ኃይሉ የሚበዛው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው፣ በዚያ ላይ የሚንሸራተተው ዘይት ስለሆነ የሚፋቅ ነገር የለም። ዕዳውም ከዚሁ ይመጣል፤ ዘይቱ በተንሸራተተ ቁጥር ይሞቃል፣ ነዳጅም ይባክናል። ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 ኦልድስሞቢል ባቀረበው ሃይድራማቲክ አውቶማቲክ ካምቢዮን ለብዙኃኑ ካስተዋወቀ በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኞቹ አውቶማቲኮች ሦስት ወይም አራት ማርሽ ብቻ ነበራቸው፤ በጉዞ ላይም ያለማቋረጥ ይንሸራተቱ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንቨርተሩን በጉዞ ላይ ቆልፎ መንሸራተቱን የሚያስቆም ፍሪሲዮን በብዛት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮውን አወጣ፤ ከቅንጡ ቢ ኤም ደብሊው ጀምሮ እስከ ላንድ ሮቨር ዲስከቨሪና ራም ፒክአፕ ድረስ የተገጠመው እሱ ነው። የድሮው ምክር የተነገረው ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ነበር።

ለውጡን በቁጥር ለማየት በአገራችን መንገድ ሁሉ ከሚታየው ከቶዮታ ሃይሉክስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ሞዴል ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው ባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክስ በአውስትራሊያ ሲሸጥ፣ ማንዋሉ 3,500 ኪሎ ግራም እንዲጎትት ሲፈቀድለት ለአውቶማቲኩ የተፈቀደው 3,200 ብቻ ነበር። የድሮው ምክር በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ይቻላል። በ2020 በተደረገው ማሻሻያ ግን አውቶማቲኩም 3,500 ደረሰ። ከዚያ በላይ ትኩረት የሚሻው የሞተሩ ኃይል ነው፤ በዚያው ማሻሻያ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር የተገጠመው ሞተር 500 ኒውተን ሜትር ሲሰጥ፣ ከማንዋል ጋር የተገጠመው በ420 እንዲገደብ ተደረገ። በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2018 ሞዴል ከባዱ ራም ፒክአፕ ከከሚንስ የናፍጣ ሞተር ጋር ሲቀርብ፣ ማንዋሉ 660 ፓውንድ ጫማ፣ አይሲን የተባለው ፋብሪካ የሠራው አውቶማቲክ ግን እስከ 930 ፓውንድ ጫማ ቶርክ ይቀበል ነበር። ሞተሩ አንድ ሆኖ ሳለ ኃይሉ የተቀነሰው ማንዋል ካምቢዮና ፍሪሲዮኑ እንዳይሰበሩ ነው። ከዚያ ዓመት በኋላ ራም ማንዋሉን ተወው፤ በአሜሪካ ገበያ ለከባድ ጭነት የሚሠራ ባለ ማንዋል ፒክአፕም በዚያው አበቃ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ፋብሪካዎች ማንዋልን የተዉት ገዢው እግሩን ማሳረፍ ስለፈለገና ሁለት ዓይነት ካምቢዮ ማምረት ወጪ ስለሚያበዛ ነው፤ የገበያ ውሳኔን የምሕንድስና ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይገባም ይባላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ማንዋል ከተራ የቤት መኪኖች የጠፋው በአብዛኛው በገበያ ምክንያት ነው። ነገር ግን ገበያ የ500ና የ420 ኒውተን ሜትርን ልዩነት አይፈጥርም። በተጨማሪም የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጄ 2807 የተባለ የመጎተት መለኪያ ለካምቢዮ ምሕረት የለውም። መኪናው ከነሙሉ ተሳቢው በአሪዞና በረሃ ዴቪስ ዳም በሚባለው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዳገት ላይ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስበት ሰዓት፣ ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይወጣል። የተራ ፒክአፕ ፍጥነት በዚህ መንገድ ላይ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር በታች መውረድ የለበትም፤ በ12 በመቶ ዳገት ላይም በአምስት ደቂቃ አምስት ጊዜ መነሣት አለበት። ቶዮታ በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ ተቀበለው፤ ትልልቆቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎችም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተሉ። ይህን የሚያልፉት በአብዛኛው አውቶማቲክ ፒክአፖች ናቸው። "አውቶማቲክ ሙቀት አይችልም" የሚለው ጥቅል ፍርድ ከዚህ ፈተና በኋላ መቆም አይችልም።

ጥቅል ፍርዱ መውደቁ ግን ለአውቶማቲክ ሁሉ በጅምላ ምስክር አይሆንም። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን የሚባለውን ዓይነት እንውሰድ። ፎልክስቫገን እ.ኤ.አ. በ2003 ዲ ኤስ ጂ ብሎ ለገበያ ያቀረበው ይህ ካምቢዮ ቶርክ ኮንቨርተር የለውም፤ በውስጡ ያሉት ሁለት ፍሪሲዮኖች በኮምፒውተር እየታዘዙ ይሠራሉ። ከአሽከርካሪው እግር በቀር ከማንዋል ብዙም አይለይም ማለት ነው። የመጀመሪያው ባለ ስድስት ማርሽ ዓይነት ፍሪሲዮኖቹ በዘይት ውስጥ የተነከሩ ናቸው፤ በ2008 የመጣውና ለአነስተኛ ሞተሮች የታሰበው ባለ ሰባት ማርሽ ግን ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ሲሆን ከ250 ኒውተን ሜትር በላይ እንዲሸከም አልተሠራም። በዘይት የተነከረው በሚገባ ይጎትታል፤ ባለ አራት ጎማ ነጂው የናፍጣ ቲጓን በዚህ ዓይነት ካምቢዮ 2,500 ኪሎ ግራም ተፈቅዶለት ነበር። ደረቁ ግን ካራቫን ወደ ኋላ ሽቅብ ለመግፋት የተሠራ አይደለም። የፎርድ ፓወርሺፍት የተባለው ደረቅ ካምቢዮ ተሳቢ ባልታሰረባቸው ፊየስታና ፎከስ መኪኖች ላይ እንኳ እየተንቀጠቀጠ ባለቤቶቹን አስመርሯል። ፎርድ አውስትራሊያም ቅሬታ አቅራቢዎችን በአግባቡ ባለማስተናገዱ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍርድ ቤት 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል። ይህ ችግር በመጎተት የመጣ አልነበረም፤ ነገር ግን በከተማ ትራፊክ የሚጨነቅ ፍሪሲዮን ላይ አንድ ቶን መጨመር ምን እንደሚያስከትል ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ሲ ቪ ቲ የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት ጥርስ ያለው ማርሽ የለውም፤ ቀበቶ በሁለት ሰፊና ጠባብ በሚሆኑ መዘውሮች መካከል እየተንሸራሸረ ፍጥነቱን ይለውጣል። ዳፍ የተባለው የሆላንድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 በትንሽ መኪና ላይ ሲያስተዋውቀው ለቀላል ጉዞ ነበር፤ ጥቅሙም እስከ ዛሬ ያው ነው። ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶው መዘውሩን በመንከሱ ብቻ ስለሆነ ረጅም ዳገትና ከባድ ጭነት ይጎዱታል። ሃይብሪድ መኪኖችም የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። በ2016 በአውሮፓ የተሸጠው የቶዮታ ራቭ ፎር ሃይብሪድ በፊት ጎማ ብቻ ሲነዳ 800 ኪሎ ግራም፣ የኋላ ኤሌክትሪክ ሞተር ሲጨመርለት 1,650 ኪሎ ግራም ይፈቀድለት ነበር። ስሙ አንድ፣ ካምቢዮው አንድ ዓይነት፣ ቁጥሩ ግን ከእጥፍ በላይ ይለያያል። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ማርሽ መቀየር የሚባለውን ጥያቄ ጨርሶ ያስቀረዋል፤ ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ኃይል ስለሚሰጥ ዳገት ላይ መነሣት አይቸግረውም። ቴስላ ሞዴል ዋይ 1,600 ኪሎ ግራም፣ ሞዴል ኤክስ ከ2,200 በላይ ተፈቅዶላቸዋል። በእነዚህ ላይ ያለው ችግር ባትሪው ነው፤ ካራቫን የታሰረበት ኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ከቀሩት ተቃውሞዎች ክብደት ያለው የጥገና ወጪ ነው። የማንዋል ፍሪሲዮን ቢቃጠል መካኒክ በአንድ ቀን ይቀይረዋል፤ የተቃጠለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ያረጀ መኪና ዋጋ ሊያክል ይችላል። ይህ እውነት ስለሆነ መልሱ ወጪውን መካድ ሳይሆን የሚያስከትለውን መከላከል ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዋና ጠላት የጋለ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ፍሪሲዮኖቹን መጠበቅ ያቅተዋል፣ የላስቲክ ማሸጊያዎቹም ይደርቃሉ። ለመጎተት የተሠሩ መኪኖች የካምቢዮ ዘይቱን ከሞተሩ ራዲያተር ጋር ወይም ለብቻው በተተከለ ማቀዝቀዣ ያበርዱታል፤ በአሮጌ መኪና ላይም ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ማስገጠም ይቻላል። አንዳንድ ሻጮች "ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው" ቢሉም ካምቢዮውን የሚሠራው ዜድ ኤፍ ራሱ እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስምንት ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ተሳቢ የሚጎትት ሰው ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ቢጠጋ ይበጀዋል። ዳገት ላይ ሲያቆም የእጅ ፍሬኑን ቀድሞ ስቦ ከዚያ በኋላ ወደ ፒ፣ ማለትም ወደ መቆሚያው፣ ማስገባትም ይኖርበታል፤ አለዚያ የመኪናውና የካራቫኑ ክብደት በሙሉ በካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጥርስ ላይ ያርፋል።

ቁልቁለትን በተመለከተ የድሮ አሽከርካሪዎች ስጋት ከሁሉ ይበልጥ ሊደመጥ የሚገባው ነው። አውቶማቲክ ለራሱ ከተተወ ቁልቁለት ላይ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ሊሸሽና ሸክሙን ሁሉ ለፍሬን ሊተው ይችላል። ረጅም ዳገት ላይም በሁለት ማርሽ መካከል እየተመላለሰ ዘይቱን የሚያግል አለ። ሆኖም የዛሬዎቹ አውቶማቲኮች በአብዛኛው ማርሹን በእጅ ወስኖ መያዝ የሚያስችል መንገድ አላቸው፤ ብዙዎቹ ጎታች መኪኖች ለተሳቢ የተለየ ቁልፍ አላቸው፣ ሲጫኑት ካምቢዮው ዝቅ ያለ ማርሽ ይዞ ይቆያል። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የሚለው የከባድ መኪና ሾፌሮች ደንብ ለአውቶማቲክም ያገለግላል፤ የሚለየው አሽከርካሪው አስቦ ሊያዘው የሚገባ መሆኑ ነው። በአውሮፓ ካራቫኖች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታከላል። ፍሬናቸው የሚይዘው ካራቫኑ መኪናውን ከኋላ ሲገፋው ስለሆነ፣ በረጅም ቁልቁለት ሞተሩ ብቻ ሲይዝም የካራቫኑ ፍሬን በትንሹ እየያዘ ይግላል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከመነሻው ዝቅ ማድረግ፣ ፍሬንን ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ ይዞ መልቀቅና ማቀዝቀዝ በማንዋልም በአውቶማቲክም ያው ግዴታ ነው።

ክርክሩ በካምቢዮ ላይ ሲጠመድ የሚረሱ ነገሮችም አሉ። ካራቫን በመንገድ ላይ እንደ እባብ መጥመልመል የሚጀምረው በክብደት፣ በጭነት አቀማመጥና በፍጥነት ምክንያት ነው፤ ማርሽ ምንም አያደርግለትም። የእንግሊዝ የካራቫን ማኅበራት ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር የካራቫኑ ሙሉ ክብደት ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ እንዳይበልጥና በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ከካራቫኑ ክብደት 5 እስከ 7 በመቶ እንዲሆን ነው። በእንግሊዝ ካራቫን የጎተተ መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ከ60 ማይል በላይ መሄድ አይፈቀድለትም። ማንዋል መንዳትን መልመድ ያለው አንድ የማይካድ ጥቅም የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ነው፤ በእንግሊዝ በአውቶማቲክ ብቻ የተፈተነ ሰው ማንዋል መንዳት አይችልም፣ በአሜሪካም በአውቶማቲክ የተፈተነ የከባድ መኪና ሾፌር ፈቃዱ ላይ ገደብ ይሰፍርበታል። በዚያ አገር በጭነት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ተሳቢን በደኅና ስለመጎተት ግን የሚለው ነገር የለም።

ካራቫን በኢትዮጵያ እምብዛም አይታይም፤ ጥያቄው ግን ጄኔሬተር፣ የውኃ ታንከር ወይም ጀልባ በፒክአፕ ለሚጎትት ሁሉ ይደርሳል፣ እዚህ ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። ብዙ ፋብሪካዎች በመመሪያ መጽሐፋቸው በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከመኪናውና ከተሳቢው ጥምር ክብደት 10 በመቶ ገደማ እንዲቀነስ ያዛሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቅነሳው 20 በመቶ ይደርሳል። ለምሳሌ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን የተጫነ መኪና ጥምር ልኩ 5,000 ቢሆን፣ በከፍታው ላይ ልኩ 4,000 ይሆናል። መኪናው ስለማይቀል ተሳቢው ከ20 ኩንታል ወደ 10 ኩንታል ይወርዳል፤ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ወርዶ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች በኋላ የሚመጡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ማርሽ ባይኖራቸውም ልክ አላቸው። በመንገዳችን ላይ እየበዛ የመጣው የፎልክስቫገን አይ ዲ ፎር በኋላ ጎማ ሲነዳ በአውሮፓ መጀመሪያ የተፈቀደለት 1,000 ኪሎ ግራም ነበር፤ ሌሎች ብዙ ሞዴሎች ደግሞ ምንም እንዲጎትቱ አልተፈቀደላቸውም።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር ያለው፣ ዘይቱ የሚቀዘቅዝለት፣ ማርሹን በእጅ መያዝ የሚያስችል አውቶማቲክ ካገኙ ለመጎተት ከማንዋል ያስበልጡት። በዘይት የተነከረ ባለ ሁለት ፍሪሲዮንም የሚታመን ነው። ደረቅ ፍሪሲዮን ወይም ሲ ቪ ቲ ከሆነ ግን ከባድ ካራቫን አያስሩበት፤ እነዚህን ከመግዛት ደኅና ማንዋል ይሻላል። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን "አውቶማቲክ ነው ወይ?" ብለው አይለፉት፤ ምን ዓይነት ካምቢዮ እንደሆነ፣ የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረና በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የመጎተት ልክ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ያሳይዎት። ሊያሳይዎት ካልቻለ ያችን መኪና ተሳቢ ለማሰር አይግዙ።